ከቀለሙ በፊት፦ የግድግዳ ዝግጅት ታሪክ በኢትዮጵያ ቤቶች

የአንድ ክፍል ግድግዳ ቀለም ከመቀባቱ በፊት የሚደረግለት ዝግጅት፣ ማለትም መጥረግ፣ መፋቅ፣ ስንጥቅ መድፈን፣ መለሰን፣ ማለስለስና እስኪደርቅ መጠበቅ፣ ሥራው ሲያልቅ ከዓይን ስለሚሰወር በቤት ታሪክ ውስጥ የሚገባውን ስፍራ አላገኘም። ስለ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል፣ ስለ ጎንደር ግንቦችና ስለ ሐረር ቤቶች ጌጥ ብዙ የተጻፈ ሲሆን፣ ሥዕሉና ጌጡ ያረፉበት ገጽ እንዴት እንደተበጀ የሚያውቁት ግን በአመዛኙ ግንበኞች፣ ለሳኞችና ቅርስ ጠጋኞች ናቸው። ይሁን እንጂ የቀለምን ዕድሜ የሚወስነው ከሥር ያለው ገጽ በመሆኑ፣ የግድግዳ ቀለም ታሪክ ከዚህ ከተሸፈነው ሥራ ተነጥሎ ሊታይ አይችልም።

በኢትዮጵያ የግድግዳ ቁስ ከጭቃ ወደ ኖራ፣ ከዚያም ወደ ሲሚንቶና ስቱኮ በተሸጋገረ ቁጥር የተለወጠው የቤቱ መልክ ብቻ አይደለም፤ ዝግጅቱን የሚሠራው ሰው፣ ሥራው የሚሠራበት ወቅትና ግድግዳው እንዲደርቅ የሚሰጠው ጊዜም አብረው ተለውጠዋል። ከሦስቱ ለውጦች ሁሉ ይበልጥ የከበደው የመጨረሻው ነው፤ ምክንያቱም ጭቃም ሆነ ኖራ ወይም ሲሚንቶ በውሃ የሚሠሩ ቁሶች ስለሆኑ፣ በየዘመኑ በቀለም ላይ የደረሰው ጉዳት በአብዛኛው ውሃው ከግድግዳው ሳይወጣ ከመሸፈኑ የመነጨ ነው።

ጭቃ፣ ጭድና እበት

በደጋማው የአገሪቱ ክፍል የብዙኃኑ መኖሪያ ሆኖ የቆየው ቤት በእንጨት ቋሚዎችና ቋሚዎቹን አግድም በሚያያይዙ ማገሮች ተዋቅሮ በጭቃ የሚመረግ ነው። መምረግ ማለት በእንጨቱ መካከል ያለውን ክፍተት በተቦካ ጭቃ ደፍኖ ገጹን ማልበስ ሲሆን፣ የለበሰው ጭቃ ምርጊት ይባላል። ድንጋይ በሚበዛባቸው አካባቢዎች ግድግዳው በድንጋይ ቢካብም፣ የውስጥ ገጹ ብዙ ጊዜ በዚሁ ምርጊት ስለሚሸፈን የክፍል ዝግጅት ታሪክ የሚጀምረው ከጭቃው ነው።

ለምርጊት የሚሆን ጭቃ በተቆፈረበት ቀን አይለጠፍም። አፈሩ በውሃ ርሶ፣ ጭድ ተነስንሶበትና በእግር ተረግጦ ለቀናት እንዲቦካ ከተተወ በኋላ፣ ውሃና ጭድ እየተጨመረበት እንደገና ይረገጣል፤ ለዚህም ቀጭንና ለስላሳ የሆነው የጤፍ ጭድ ከስንዴና ከገብስ ጭድ ይልቅ ይመረጣል። ሸክላማ አፈር ውሃውን በለቀቀ መጠን ስለሚኮማተር ሲደርቅ መሰንጠቁ አይቀርም፤ ጭዱ ግን መኮማተሩን በመላው ገጽ ላይ በማከፋፈል አንድ ሰፊ ስንጥቅ ሊሆን ይችል የነበረውን ወደ ብዙ ደቃቅ ስንጥቆች ይመነዝረዋል። በመቦኪያው ጊዜ ጭዱ በከፊል ስለሚበሰብስ ጭቃው ይለሰልሳል፣ የመጣበቅ ኃይሉም ይጨምራል።

ረገጣውና ምርጊቱ ብዙ ጉልበት ስለሚጠይቁ በደቦ ይሠሩ ነበር፤ ደቦ ጎረቤቶች ለአንድ ባለቤት በአንድነት የሚያወጡት ጉልበት ሲሆን፣ ባለቤቱ በበኩሉ የሚበላና የሚጠጣ ያቀርባል፣ ተራው ሲደርስም ብድሩን በጉልበቱ ይመልሳል። የመጀመሪያው ምርጊት ወፍራም በመሆኑ ሲደርቅ እንደሚሰነጠቅ አስቀድሞ ይታወቃል፤ ሁለተኛው ደግሞ ከተነፋ አፈርና ከደቀቀ ጭድ ተዘጋጅቶ የሚለጠፈው የመጀመሪያው ተሰንጥቆ ካበቃ በኋላ ነው። በዚህ አሠራር ስንጥቁ እንደ ጉድለት አይቆጠርም፤ ሁለተኛው ምርጊት ወደ ስንጥቆቹ ገብቶ የሚይዝባቸው ጥርሶች ስለሚሆኑለት፣ ቸኩሎ በእርጥቡ ላይ የደረበ ሰው ሁለቱንም ያጣል።

ከምርጊቱ በኋላ የሚመጣው ልቅለቃ፣ ማለትም ትኩስ እበትን ከውሃና ከተነፋ አፈር ወይም ከአመድ ጋር በጥብጦ በእጅ መቀባት፣ በአብዛኛው የሴቶች ሥራ ሆኖ ቆይቷል። በእበቱ ውስጥ ያለው ያልተፈጨ የሣር ቃጫ ደቃቅ ስንጥቆችን ይሞላል፣ የምርጊቱን ትቢያ ያሲዛል፣ ለሚቀጥለው ሽፋንም እኩል የሚመጥ ገጽ ያበጃል። በዚህ ላይ በየአካባቢው ከሚገኝ ነጭ፣ ቀይ ወይም ግራጫ አፈር የተበጠበጠ ቀለም የሚቀቡ ቤተሰቦች ነበሩ፤ ብዙዎቹ ግን ልቅለቃውን እንደ መጨረሻ ገጽ ይተውት ነበር። ምድጃው በቤቱ ውስጥ በመሆኑ ግድግዳውና ጣሪያው ጥላሸት ይጠጡ ስለነበር፣ በእንዲህ ያለ ክፍል ነጭ ቀለምን ጠብቆ ማቆየት አይቻልም ነበር፤ ስለዚህ የክፍሉ ንጽሕና የሚጠበቀው በቀለሙ ጽናት ሳይሆን ልቅለቃው በየጊዜው በመታደሱ ነበር።

የእድሳቱንም ጊዜ የሚወስነው የዓመቱ ዑደት ነው። በክረምት ጭቃ ስለማይደርቅና ዝናቡ ከግድግዳው ግርጌ ምርጊቱን እየሸረሸረ ስለሚወስድ፣ ጥገናው ዝናቡ ሊያባራ ሲል ወደ መስከረም ይጠጋል፤ በዚያው ወር የሚውሉት እንቁጣጣሽና መስቀልም ቤትን ለማደስ በዓላዊ ምክንያት ይሆናሉ። በተለይ መስቀልን ከበዓላት ሁሉ አብልጦ በሚያከብረው የጉራጌ ማኅበረሰብ ዘንድ የቤቱን ወለልና ግድግዳ ማጽዳት፣ መለቅለቅና ማስዋብ ከበዓሉ ዝግጅት የማይነጠል የሴቶች ተግባር ነው። የአየሩ ጠባይና የበዓሉ ቀን መገጣጠማቸው ለግድግዳው የሚያስፈልገውን የመድረቂያ ጊዜ በልማድ ውስጥ አስገብቶታል፤ ማንም ሰው ቀናቱን መቁጠር ሳያስፈልገው ጊዜው በራሱ ይከበር ነበር።

ኖራና ነጩ ገጽ

ነጭ ልስን በኢትዮጵያ ሕንፃ ጥንታዊ ነው። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በላስታ ዋሻ ውስጥ የታነጸው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ አግዳሚ እንጨቶችና በነጭ የተለሰኑ ረድፎች እየተፈራረቁ የተሠራ ነው። ይሁን እንጂ ከአክሱም ዘመን ጀምሮ ድንጋይን ከድንጋይ ሲያያይዝ የኖረው በአመዛኙ ጭቃ ሲሆን፣ ኖራ በግንባታ ላይ በስፋት መዋል የጀመረው በዐፄ ሱስንዮስ ዘመነ መንግሥት፣ እ.ኤ.አ. ከ1607 እስከ 1632 ባለው ጊዜ ነው። በዚያን ጊዜ በአገሪቱ የነበሩት የኢየሱሳውያን ማኅበር ሚሲዮናውያን ጽሑፎች የኖራን አሠራር ከህንድ ከመጣ ግንበኛ ጋር ያያይዙታል። እ.ኤ.አ. በ1626 በጢስ ዐባይ አጠገብ የተሠራው ድልድይም ሆነ ከዐፄ ፋሲል ጀምሮ በጎንደር የተነሡት ግንቦች የዚህ ጥበብ ፍሬዎች ናቸው።

ኖራ የሚገኘው የኖራ ድንጋይን ወደ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት በማቃጠል ነው። የተቃጠለው ድንጋይ ውሃ ሲነካው በኃይል ግሎ ይፈራርሳል፤ ይህም ማብረድ ይባላል፤ የበረደው ኖራ ግድግዳ ላይ ሲቀባ ደግሞ ከአየር ውስጥ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ እየወሰደ ቀስ በቀስ ተመልሶ ወደ ድንጋይነት ይጠነክራል። ይህ ጠባዩ ዝግጅቱን ከሌላው ቀለም ሁሉ ልዩ ያደርገዋል፤ በደረቅና ትቢያ በለበሰ ግድግዳ ላይ የተቀባ ኖራ ውሃው ፈጥኖ ስለሚመጠጥ ሳይጠነክር ዱቄት ሆኖ ይቀራል፣ የነካውንም ልብስ ያነጣል። በመሆኑም ግድግዳው አስቀድሞ ተጠርጎ፣ ጥላሸቱ ተፍቆና ውሃ ተረጭቶበት፣ ኖራው ወፍራም በሆነ አንድ እጅ ሳይሆን ቀጫጭን በሆኑ በርካታ እጆች መቀባት ይኖርበታል። በቀቢዎች አነጋገር እጅ ማለት በአንድ ጊዜ ተቀብቶ እንዲደርቅ የሚተው አንድ የቀለም ንጣፍ ነው።

የኖራ ቅብ በመኖሪያ ክፍል ውስጥ ከፍ ወዳለ ሥርዓት ያደገባት ከተማ ሐረር ናት። በጀጎል ግንብ ውስጥ ያለው የሐረሪ ቤት ግድግዳ ከድንጋይና ከጭቃ የተሠራ ሆኖ የውስጥ ገጹ በልስን ተለስልሶ በነጭ ይቀባል፤ ነደባ የሚባሉት ደረጃ ደረጃ ያላቸው አምስት መደቦች የቤተሰቡንና የእንግዳን የመቀመጫ ቅደም ተከተል ይወስናሉ፤ በግድግዳው ውስጥ የተበጁት ቀዳዶች የዕቃ ማስቀመጫ ሲሆኑ፣ በስፌት የተሠሩ ሰፌዶችም በነጩ ገጽ ላይ ይሰቀላሉ። ወለሉና መደቡ በቀይ አፈር የሚቀባ ሲሆን፣ የአካባቢው ትውፊት ቀዩን ቀለም እ.ኤ.አ. በጥር 1887 በጨለንቆ ጦርነት ከፈሰሰው ደም መታሰቢያ ጋር ያያይዘዋል። ለሠርግና ለታላላቅ በዓላት ቤቱ እንደገና ሲቀባ ስፌቱና ዕቃው ሁሉ ወርዶ ግድግዳው ባዶ ስለሚሆን፣ የጌጡ ሥርዓት ዓይነተኛ የዝግጅት ሥርዓት ጭምር ነው። የኖራው እጅ በየጊዜው በተደረበ ቁጥር ግን ማዕዘኖችና የቀዳዶች ጠርዞች እየደነዘዙ ስለሚሄዱ፣ አሮጌውን ንጣፍ በየጊዜው መፋቅ የግድ ይላል።

ሥዕል በጨርቅ ላይ

የግድግዳ ዝግጅት በከፍተኛ ጥንቃቄ የተሠራው በመኖሪያ ቤት ሳይሆን በቤተ ክርስቲያን ነው፤ የቤቱም አሠራር ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። የኢትዮጵያ የግድግዳ ሥዕል በአውሮፓ እንደሚታወቀው በእርጥብ የኖራ ልስን ላይ የሚሣል ሳይሆን በደረቀ ገጽ ላይ የሚሣል በመሆኑ፣ ቀለሙ የሚይዘው ከሥሩ ባለው ንጣፍና በቀለሙ ውስጥ ባለው ማጣበቂያ ነው። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የሠራው ፍሬ ጽዮን በእንጨት ሰሌዳ ላይ ሲሥል እንጨቱ በጀሶ፣ ማለትም ከተፈጨ የጀሶ ድንጋይና ከእንስሳት ሙጫ በተሠራ ነጭ ንጣፍ ይሸፈን ነበር። በግድግዳም በኩል ተመሳሳይ አስተሳሰብ ሠርቷል፤ በገርዓልታ ቋጥኝ ውስጥ በተፈለፈለው በአቡነ ይምዓታ ጉሕ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሉ ያረፈው በአሸዋማው ድንጋይ ላይ በተለሰነ ስስ ንጣፍ ላይ ነው።

ከጎንደር ዘመን ጀምሮ ደግሞ ሥዕሉን በጥጥ ጨርቅ ላይ ሠርቶ ወይም ጨርቁን አስቀድሞ በግድግዳው ላይ በሙጫ ለጥፎ የመሣል ዘዴ ተስፋፋ። የዚህ ዘዴ ጥቅም ከግድግዳው ጠባይ የሚመነጭ ነው። የክብ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ከእንጨት፣ ከድንጋይና ከጭቃ የተሠራ በመሆኑ በእርጥበትና በድርቀት ይነቃነቃል፤ ጨርቁ ግን በሥዕሉና በጭቃው መካከል ሆኖ ደቃቅ ስንጥቆች ወደ ሥዕሉ እንዳይዘልቁ ይከላከላል። የጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ የግድግዳ ሥዕሎች የዚህ አሠራር ዝነኛ ምሳሌዎች ናቸው። ዘዴው ያልታሰበ መዘዝም ነበረው፤ እ.ኤ.አ. በ1932 በማርሴል ግሪዮል የተመራው የዳካር–ጅቡቲ የጥናት ጓድ የጎንደር አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎችን ከግድግዳቸው አላቅቆ በምትካቸው ቅጂ አሥሎ ወደ ፓሪስ ሊወስዳቸው የቻለው በጨርቅ ላይ የተሠሩ በመሆናቸው ነው።

የአዲስ አበባ ቤቶች

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ከተማዋ የተሠራችው በአብዛኛው በዚያው በጭቃ ቤት ነው፤ የባሕር ዛፍ በፍጥነት መስፋፋት ለቋሚና ለማገር የሚሆን ቀጥ ያለ እንጨት በርካሽ አቀረበ፣ ቆርቆሮ ደግሞ የሣር ክዳንን ተካ። የህንድ፣ የአርመንና የግሪክ ግንበኞችና ነጋዴዎች ባለ በረንዳና ባለ ሰገነት ቤቶችን ሲያስፋፉ በልስን የተስተካከለና በነጭ የተቀባ ክፍልም የከተሜነት ምልክት እየሆነ መጣ። ለዚህ ለውጥ መንገድ ከጠረጉት ነገሮች አንዱ ማድ ቤት ከዋናው ቤት መለየቱ ነው፤ ምድጃው ወደ ጓሮ ሲወጣ ጥላሸቱም አብሮ ስለወጣ፣ በየዓመቱ ከመለቅለቅ ይልቅ ቀለም መቀባት ትርጉም ያለው ወጪ ሆነ።

የጭቃው ግድግዳ ግን ከነትቢያው ቆየ። ትቢያውን ለማስያዝና ተባይ የሚሸሸግባቸውን ስንጥቆች ለመድፈን የከተማው ነዋሪ በዱቄት ሙጫ ጋዜጣ መለጠፍን ለመደ፤ ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የታተመው አዲስ ዘመንና ሌሎች ጋዜጦች ከተነበቡ በኋላ በብዙ ክፍሎች ውስጥ የግድግዳ ልብስ ሆነዋል። ጋዜጣው በአንዳንድ ቤት የመጨረሻ ገጽ ሲሆን፣ በሌላው ቤት በላዩ ላይ ቀለም ይቀባበት ነበር። ከላይም የቆርቆሮውን ሙቀትና ብርድ ለማብረድ አቡጀዲ ወይም ጆንያ ተሰፍቶና ተወጥሮ ኮርኒስ ይሆናል፣ በነጭም ይቀባል። የቤተ ክርስቲያኑ ሠዓሊ በጨርቅ የፈታውን ችግር፣ ማለትም የሚነቃነቅንና ትቢያ የሚጥልን ገጽ ለቀለም ማብቃትን፣ ባለ አነስተኛ ገቢው የከተማ ነዋሪ በወረቀትና በጆንያ ፈታው። በዱቄት መልክ የሚሸጠውና በውሃ የሚበጠበጠው ጀላቲን ቀለምም ለእነዚህ ገጾች የተስማማ ነበር፤ ርካሽ ከመሆኑም በላይ እርጥበትን በውስጡ ስለሚያሳልፍ በጭቃ ላይ አያብጥም፣ ነገር ግን በእጅ ሲነካ ይለቃል።

የሐምሌ 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ሲያደርግ በዚህ ታሪክ ላይ ሳይታሰብ ትልቅ ለውጥ አመጣ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር የማይበልጥ ቤቶች በቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ደግሞ በኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሥር ሆኑ። የቀበሌ ቤት ኪራይ እጅግ ዝቅተኛ በመሆኑ ለጥገና የሚሆን ገንዘብ አልተገኘበትም፤ ተከራዩም የእርሱ ላልሆነ ግድግዳ ምርጊት እስከ ማደስ የሚደርስ ወጪ ለማውጣት ብዙ ምክንያት አልነበረውም። ስለሆነም ሥራው ወደ ላይኛው ገጽ ተወሰነ፤ ቀለም በቀለም፣ ጋዜጣ በጋዜጣ ላይ ሲደረብ ከሥር ያለው እንጨት በምስጥና በእርጥበት ይበላ ነበር።

ሲሚንቶ፣ ስቱኮና የሚጣደፈው ሥራ

ሲሚንቶ በአገር ውስጥ መመረት የጀመረው በጣሊያን ወረራ ዘመን ድሬዳዋ ላይ በተቋቋመው ፋብሪካ ሲሆን፣ በኋላ የአዲስ አበባና የሙገር ፋብሪካዎች ሲጨመሩ የሲሚንቶ ልስን ለመካከለኛው ነዋሪም የሚደረስበት ሆነ። ስቱኮን፣ ኮላንና ጀሶን የመሳሰሉት የሙያው ቃላት ከጣሊያንኛ መገኘታቸው የዚያ ዘመን የግንባታ ልማድ በሥራው ላይ ምን ያህል አሻራ እንደተወ ያመለክታል። አዲሱ ልስን ከብሎኬትና ከድንጋይ ጋር ሲስማማ ከጭቃ ጋር ግን አልተስማማም። በጭቃ ግድግዳ ላይ የሽቦ መረብ መትቶ በሲሚንቶ መለሰን የተለመደ ማሻሻያ ቢሆንም፣ ጭቃው በእርጥበት ሲያብጥና ሲኮማተር ግትሩ ሲሚንቶ አብሮት ስለማይንቀሳቀስ ይላቀቃል፤ ከመሬት የሚወጣው እርጥበትም መውጫ ሲያጣ ወደ እንጨቱ ይመለሳል።

በሲሚንቶ ልስን ላይ የሚሠራው የዛሬው ዝግጅት የራሱ ቅደም ተከተል አለው። የተላቀቀው አሮጌ ቀለም ይፋቃል፣ ምስማሩ ይነቀላል፣ ስንጥቁ ተከፍቶ ይደፈናል፤ ቀጥሎ ስቱኮ፣ ማለትም ከደቃቅ ነጭ ዱቄትና ከማጣበቂያ የሚዘጋጅ ማለስለሻ፣ ሁለት ወይም ሦስት እጅ ይቀባል፤ ሲደርቅም በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈግና አቧራው ተጠርጎ የመጀመሪያው የቀለም እጅ ይከተላል። የጭስ፣ የዕጣንና የዘይት ቅሪት ያለበት ግድግዳ ካልታጠበ ቆሻሻው በውሃ በሚበጠበጠው ቀለም ውስጥ ዘልቆ ቢጫ ሆኖ ስለሚወጣ፣ ጥንት ጥላሸትን ለመፋቅ ያስገደደው ምክንያት ዛሬም አልጠፋም። አዲስ የሲሚንቶ ልስን ደግሞ ለሳምንታት ውሃ ከመልቀቁም በላይ ኃይለኛ አልካላይነት ስላለው፣ በዘይት የተሠራ ቀለም ቶሎ ከተቀባበት ዘይቱ ከአልካላዩ ጋር ተዋሕዶ ወደ ሳሙናነት ይለወጣል፣ ቀለሙም ይለሰልሳል፣ ያብጣል፣ ይላጣል። በግንባታ ልማድ ለሲሚንቶ ጥንካሬ መለኪያ የሆነው የ28 ቀን ቆይታ ለቀለም ቀቢውም ዝቅተኛው የጥበቃ ጊዜ ተደርጎ የሚወሰደው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ የመጠበቂያ ጊዜ በከተማው አሠራር ውስጥ ባለቤት አጥቷል። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ በኋላ በተስፋፋው የኮንዶሚኒየም ግንባታ ብዙ ቤቶች የውስጥ ሥራቸው ሳያልቅ በዕጣ ለደረሳቸው ሰዎች ሲተላለፉ፣ ልስኑን፣ ስቱኮውንና ቀለሙን የማጠናቀቁ ኃላፊነት በቤተሰቡ ላይ ወደቀ። ቤተሰቡ በተከራየው ቤት ኪራይ እየከፈለ ስለሚጠብቅ ይቸኩላል፤ ቀለም ቀቢው የሚከፈለው በካሬ ሜትር ወይም በጠቅላላ ሥራው በመሆኑ ግድግዳው እስኪደርቅ የሚያሳልፈው ቀን ገቢ አያስገኝለትም፤ ውሉም ስለ እጆች ብዛት እንጂ በእጆች መካከል ስላለው ጊዜ ብዙ ጊዜ ምንም አይልም። ደቦውና የመስከረም በዓል በጋራ ይሸከሙት የነበረው ጊዜ በዚህ መንገድ ማንም የማይከፍልበት ወጪ ሆነ።

ስለዚህ በግድግዳ ዝግጅት ታሪክ ውስጥ ከጭቃ ወደ ስቱኮ የተደረገው ጉዞ ቀላል የእድገት መስመር አይደለም። ስቱኮው ከልቅለቃው ይልቅ ለስላሳ፣ የፋብሪካው ቀለምም ከአፈሩ ቀለም ይልቅ ጽኑ ነው፤ ነገር ግን የጭቃ ቤት ባለቤት ጉድለቱን በዓመቱ አይቶ በገዛ እጁ ሲያድስ፣ የዛሬው ነዋሪ ጉድለቱን የሚያውቀው ቀለሙ ከተላጠና ቀቢው ከሄደ በኋላ ነው። አዲሱ ቁስ ከአሮጌው የበለጠ ውድና የበለጠ ግትር በመሆኑ የሚጠይቀው ትዕግሥት አልቀነሰም፤ በቀለም ቅብ ውል ውስጥ የመድረቂያው ጊዜ እንደ ቀለሙና እንደ ስቱኮው ሁሉ ተቆጥሮ ዋጋ እስካልተሰጠው ድረስም ኪሳራው የሚወድቀው በቤቱ ባለቤት ላይ ነው።